ጥያቄና መልስ፦ ማረሻ የማይነካባቸው ሦስት ቀናት

በምሥራቅ ሕንድ በኦዲሻ ግዛት ስለሚከበረው የራጃ በዓል ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አራቱን መርጫለሁ።

ራጃ የንጉሥ በዓል ነው ወይ?

አይደለም፤ ንጉሥ ማለት ከሆነው «ራጃ» ጋር ቢመሳሰልም፣ በኦዲያ ቋንቋ «ሮጆ» ተብሎ የሚነበበው ይህ ቃል የተገኘው የወር አበባን ከሚያመለክት የሳንስክሪት ቃል ነው።

ዱባይ የሚሠሩ አንዲት አንባቢ፣ ከኦዲሻ የመጣች ባልደረባቸው «በዚያ ሰሞን መሬት አናርስም» እንዳለቻቸው ጽፈው፣ ገበሬ ዝናብ ደርሶ እንዴት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ የወር አበባስ ርኩሰት አይደለም ወይ ሲሉ ይጠይቃሉ።

በእምነቱ መሠረት በኦዲሻ እጅግ የሚከበረው የሂንዱ አምላክ የጃጋናት ሚስት የሆነችው የምድር አምላክ ቡዴቪ በእነዚህ ሦስት ቀናት የወር አበባ ስለምታይ፣ ማረስና መቆፈር እርሷን ማቁሰል ነው። ሴቶች አይፈጩም፣ በባዶ እግራቸው መሬት አይረግጡም፤ ልጃገረዶች አዲስ ልብስ ለብሰው በዛፍ ላይ በታሰረ ዥዋዥዌ ይጫወታሉ። በአራተኛው ቀን የምድርን አምላክ የሚወክለው የቅመም መፍጫ ድንጋይ በእርድ ታጥቦ በአበባ ያጌጣል፤ ከዚያ በኋላ ወደ እርሻ ይገባል። ልማዱን የአፈር ሳይንስ አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች አያሳምኑኝም፤ ዋናው የሩዝ ዘር ከመዘራቱ በፊት የሚከበር የመራባት በዓል መሆኑ ይበቃል። በበዓል ቀን ሞፈር ለማያነሣ ለእኛ ገበሬ ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ የእኛ ቀን የታቦቱ ሲሆን የእነርሱ የአፈሩ የራሱ መሆኑ ነው። ርኩሰትን በተመለከተ ግን መልሱ ቀላል አይደለም። በዓሉ የወር አበባን የፍሬ ምልክት አድርጎ ያከብራል፤ ሆኖም በዚያው ግዛት በብዙ ቤቶች በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከማድ ቤትና ከቤተ መቅደስ ትርቃለች። ስለዚህ ዕረፍቱ ክብርም መገለልም ነው። እኔን የሚገርመኝ ወንዱም ማረሻውን ማስቀመጡ ነው።

በጉዋሃቲ ከተማ የካማክያ ቤተ መቅደስ በሰኔ የሚዘጋውስ በዚህ በዓል ምክንያት ነው?

ያ አምቡባቺ የሚባል የአሳም ግዛት በዓል ነው፤ ሐሳቡ ግን ተቀራራቢ ነው። የሥርዓቱን ዝርዝር የሚፈልጉ የቤተ መቅደሱን ካህናት ይጠይቁ።

የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፤ የበዓሉን ኬክ ልቅመስ?

ፖዳ ፒታ የሚሠራው ከሩዝ፣ ከኮኮናትና ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ነው። «ያልተጣራ ስኳር አይጎዳም» የሚሉትን አይስሙ፤ በደም ውስጥ ያው ስኳር ነው። ከመቅመስዎ በፊት የሚከታተልዎትን ሐኪም ያማክሩ፤ ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም።