ነዳጁ ተዘግቶም አላርፍ ያለች አውሮፕላን

ከሱሉልታ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ችግርህ ገብቶኛል። በቮልስ ሞተር የሠራሃት ትንሽ አውሮፕላን ነዳጁን ዘግተህባትም፣ ማለት የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻ መልሰህባትም፣ መሬት አልነካ ትላለች። ሜዳውን እስከ ግማሽ ተንሳፍፋ ትሄዳለች። ጠዋት ጠዋት በብርድ እየጠፋች ስላስቸገረችህ ሚኒሞዋን፣ ማለት ነዳጅ ሳይሰጣት ሞተሯ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት፣ በደቂቃ ወደ 1,300 ዙር ከፍ አድርገሃል።

ነገሩ እዚያው ጋ ነው። መኪና ላይ ሚኒሞ ከፍ ቢል ቤንዚን ይበላል እንጂ ፍሬን አለህ። አየር ላይ ግን ፍሬንህ ፕሮፔለሩ ነው። ነዳጅ ስትዘጋ አየሩን መያዝ ሲገባው፣ ያንተው ገና መጎተቱን አልተወም። አውሮፕላኗ ቆማ ብትለካው፣ ከ850 ወደ 1,300 ዙር ስትወጣ ጉተታው ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። ክንፉ መሬት ሲጠጋ ደግሞ አየሩ ብዙም አይይዘውም፤ ትንሽ ጉተታ ብቻ ታንሳፍፈዋለች።

ሱሉልታም አላገዘችህም። 2,600 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ነፋስ በሌለበት የፍጥነት መለኪያህ 80 ሲል መሬቱን የምታልፈው በ90 ገደማ ነው። ያን መለወጥ አትችልም፤ መለኪያው ላይ የለመድከውን ፍጥነት ጠብቅ።

አሁን ወደ ሥራው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለ ሚኒሞ አናወራም። ካሞቅከው በኋላ አጥፋው፣ ጎማዎቹ ላይ ታኮ አድርግ። የቮልስ ቺንጋ አውራ ጣቴ ላይ ምልክት ጥሎብኛል፤ ፕሮፔለር ግን በምልክት አይመለስም።

መጀመሪያ የነዳጅ ገመዱን እይ። ካርቡራተሩ ላይ ባለው ክንድና በሚኒሞ ብሎኑ መሃል የደረሰኝ ወረቀት አስገባና ነዳጁን ዝጋ። ወረቀቱ በቀላሉ ሾልኮ ከወጣ ክንዱን የያዘው ገመዱ ነው፤ ብሎኑን ብታዞር ለውጥ የለውም።

ቀጥሎ ካንዴላ ፍታ። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰች ቤንዚን በዝቶባታል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር እኛ ጋ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ብዙ ሰው ሞተሩ ሲንገጫገጭ ሚኒሞ ይጨምራል። እኔም ጀማሪ እያለሁ አድርጌዋለሁ፤ በሽታውን መሸፈን ነው። ድብልቁን አስተካክል፣ ከዚያ ብሎኑን ሩብ ሩብ ዙር እያላላህ ወደ 850 አውርድ። በየመሃሉ ሞተሩን ማጥፋት እንዳትረሳ።

ከዚህ በታች ግን አትስገብገብ። ልታርፍ ስትል ከጠፋብህ ዞረህ የምትሞክርበት ዕድል የለህም። መሬት ላይ ጅራቷን አስረህ፣ ነዳጁን ድንገት ክፈትና ድንገት ዝጋ፤ የካርቡራተር ማሞቂያ ካለህ እሱንም ከፍተህ ድገመው። ካሳለ ወይም ከጠፋ ያን ቀን አትነሳም።