ሰገራው መቼ መጣ?

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ የላቦራቶሪ ባለሙያ «የትል እንቁላል ቶሎ ለመለየት የትኛውን ፎቶ ልሸምድድ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው አንድ የጠፋ ደብተር አስታወሰኝ።

ደብተሩ የአንድ አንጋፋ ባልደረባችን ነበር። በማይክሮስኮፕ ያየውን ሁሉ በእርሳስ ይስላል። የወስፋትን እንቁላል ከነጎርባጣ ቅርፊቱ፣ የትሪኩሪስን (ጅራፍ የሚመስለውን የአንጀት ትል) እንቁላል ሁለት ጫፉ ላይ ካለው ውታፍ ጋር። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጎን ናሙናው የመጣበትን ሰዓት ይጽፋል። ለምን እንደሚጽፍ የገባን ቆይቶ ነው።

አንድ ቀን ስላይዱ ላይ እጭ ሲርመሰመስ ታየ። አንዱ ተለማማጅ «ስትሮንጂሎይድስ» (በሰገራ ውስጥ በእጭነት የሚታይ የአንጀት ትል) ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶ አነሳ። ሰውዬው ገና በሌንሱ ሳያይ «ሰገራው መቼ መጣ?» አለ። ትናንት ነው የመጣው። ሙቀት ውስጥ አድሯል። እንዲህ ሲቆይ የሁክዎርም፣ የሌላው የአንጀት ትል፣ እንቁላል ይፈለፈላል፤ እጩ ደግሞ ከስትሮንጂሎይድስ ጋር ይምታታል። አዮዲን ጠብ አደረገበት። እጩ ጸጥ ሲል በ40 ሌንስ አፉን አሳየን። የሁክዎርም እጭ የአፍ ቦይ ረጅም ነው፣ የስትሮንጂሎይድስ አጭር። የእኛው ረጅም ነበር። ትኩስ ናሙና ሲመጣማ እንቁላሉ ራሱ ታየ፦ ስስ ቅርፊት፣ መሃሉ ላይ የተከፋፈሉ ጥቂት ሕዋሳት፣ ዙሪያቸውን ጥርት ያለ ክፍተት። ለሁክዎርም አልቤንዳዞል ይሰጣል፤ ለስትሮንጂሎይድስ የሚመረጠው አይቨርሜክቲን ነው። ስለዚህ ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሰውዬው ጡረታ ወጣ። ላቦራቶሪው ሲዛወር ደብተሩ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተጣለ። ኮፒ እንኳ የለንም። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

የዛሬ ልጆች፣ አትቆጡኝና፣ ትቸኩላላችሁ። ፎቶ ላይ ያለው እንቁላል ሁሌ ጽድት ያለ ነው። ስላይድ ላይ ግን የአበባ ብናኝ አለ፣ የአየር አረፋ አለ፣ ያልተፈጨ የአትክልት ሕዋስ አለ። ወስፋቱም አንዳንዴ ጎርባጣውን ልባስ አውልቆ ይመጣል። መጠን መለካት ልመዱ። ትሪኩሪስ ርዝመቱ 50 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከጎኑ እሾህ ያለው የቢልሃርዚያ እንቁላል ግን ከ100 በላይ ነው። ኮንደንሰሩን (ከስላይዱ ሥር ብርሃን የሚሰበስበውን ሌንስ) ዝቅ፣ ብርሃኑን ቀነስ አድርጉ፤ ብርሃን ሲበዛ ስስ ቅርፊት ይጠፋል።

ስልካችሁን አስቀምጡ ልል ነበር። ተውት፣ ያዙት። እናንተም ያያችሁትን በሌንሱ ላይ ደግናችሁ አንሱ፤ ሰዓቱንም ጻፉበት።

ስለ ጓንት አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ኮሶ (ቴኒያ) ላይ ግን አደራ፦ የከብቱም የአሳማውም እንቁላል በማይክሮስኮፕ አንድ ዓይነት ነው። «የቴኒያ እንቁላል» ብላችሁ ጻፉና እዚያው ላይ አቁሙ።