መብራቱ ባልተሟላ ማኮብኮቢያ ላይ ማታ ማረፍ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ የበረራ አስተማሪ ነኝ። ሰሞኑን፣ አንድ ምሽት መብራቱ በግማሽ የጠፋ ማኮብኮቢያ ላይ ልወርድ ስል ትቼው መሄዴን ካወራሁ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። እዚሁ አንድ ላይ ልመልስላችሁ። በተለይ የማታ በረራ ገና የጀመራችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ጥያቄ፦ ካፒቴን፣ እስቲ መጀመሪያ የዚያን ምሽት ነገር ይንገሩን። ማኮብኮቢያው እየታየዎት ለምን ተዉት?

መልስ፦ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ጨረቃ ግን የለም። ከአንድ ተማሪዬ ጋር ነበርኩ። ከመነሳታችን በፊት ያነበብነው ስለ ማረፊያው ለአብራሪዎች የወጣ ማስታወቂያ መብራቱ እንደሚሠራ ይናገራል። ስንጠጋ የታየኝ ግን አንድ ረድፍ ነጭ መብራት ብቻ ነው። ሁለት ረድፍ መሆን ነበረበት። ተማሪዬ «ይኸው ታየኝ፣ እንውረድ» አለኝ። «ማኮብኮቢያው ከረድፉ በቀኝ ነው በግራ?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። አንድ ረድፍ ብቻ ሲበራ አስፋልቱ በየት በኩል እንደሆነ ዓይንህ አይነግርህም፣ ከተሳሳትክ የምትወርደው ሣር ወይም ቦይ ላይ ነው። 500 ጫማ ላይ ስንደርስ ትሮትሉን (የሞተር ጉልበት መስጫውን) እስከ መጨረሻው ገፋሁት፣ ወደ ላይ ወጣን፣ 25 ደቂቃ በርረን መብራቱ የተሟላ ሌላ ቦታ አረፍን። ይህን ማድረግ የቻልነው ነዳጅ ስለነበረን ነው። እሱን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ «ጥቁር ጉድጓድ» ሲባል እሰማለሁ። ማኮብኮቢያው ፊት ለፊቴ ቁልጭ ብሎ እየታየኝ እንዴት ሳልደርስ መሬት እመታለሁ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሞተበት ነገር ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ቀን ላይ ከፍታህን የምትገምተው ሳይታወቅህ ነው። ዛፉ፣ ቤቱ፣ መንገዱ፣ የእርሻው ድንበር፣ የሁሉንም መጠን ስለምታውቀው ዓይንህ ሒሳቡን ራሱ ይሠራዋል። ማታ ባሕር ወይም ሰው የማይኖርበት ጫካ አቋርጠህ ስትመጣ ግን ያ ሁሉ የለም፤ ያለው ድቅድቅ ጨለማና መሃሉ ላይ የተንጠለጠሉ ጥቂት መብራቶች ናቸው። ያኔ ካለህበት በላይ ከፍ ያልክ ይመስልሃል። ከፍ ያልክ ሲመስልህ ዝቅ ታደርጋለህ። ትንሽ ቆይቶ ያው ስሜት ይመጣል፣ አሁንም ዝቅ። አወራረድህ ቀጥ ያለ መስመር መሆኑ ቀርቶ ወደ መሬት ይሰረጉዳል፣ ማኮብኮቢያው ከመድረሱ በፊት ያለው ዛፍ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ ደግሞ መብራት የለውም። እኔን የሚያስፈራኝ በዚህ ሁሉ መሃል ምንም የሚጎረብጥ ነገር አለመኖሩ ነው። ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል።

ይህ የጀማሪ ችግር እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቦይንግ ተመራማሪ የነበረው ኮንራድ ክራፍት ልምድ ያላቸውን አብራሪዎች ሲሙሌተር (መሬት ላይ ያለ የበረራ ማስመሰያ) ላይ አስቀምጦ፣ ከፍታ መለኪያ ሳያዩ በጨለማ ቦታ ላይ አልፈው የከተማ መብራት ወዳለበት እንዲወርዱ አድርጎ ነበር። ከሚገባው በታች እየወረዱ አስቸገሩት። ጠባብ ማኮብኮቢያ ሲሆን ይብሳል፣ ወደ ፊት ዳገት ከሆነም እንደዚያው፤ ሁለቱም ከፍ ያልክ ያስመስሉሃል። አሁን መብራቱ በግማሽ ጠፍቶ ጠባብና ዳገታማ ማኮብኮቢያ ሲያጋጥምህ አስበው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዓይኔን ካላመንኩ በምን ልውረድ?

መልስ፦ በቁጥር። 3 ዲግሪ መውረጃ ማለት ለእያንዳንዱ ኖቲካል ማይል 300 ጫማ ገደማ ማለት ነው። ማኮብኮቢያው 3 ማይል ሲቀርህ ከመሬቱ 900 ጫማ፣ 2 ሲቀርህ 600፣ 1 ሲቀርህ 300። አልቲሜትርህ (ከፍታ መለኪያህ) የሚያሳይህ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ስለሆነ የማረፊያውን ከፍታ መደመር እንዳትረሳ። ሦስቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍና ጉልበትህ ላይ እሰረው፤ እኔ እስከ ዛሬ እንዲሁ ነው የማደርገው። የመውረጃ ፍጥነትህን ለማግኘት ደግሞ ከመሬት አንጻር ያለህን ፍጥነት በ5 አባዛ። 80 ኖት (በሰዓት 80 ኖቲካል ማይል) ከሆንክ በደቂቃ 400 ጫማ። ከዚያ በጣም ከበለጠ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

ጂፒኤስ የሚሰጥህ ርቀት ብዙ ጊዜ እስከ ማረፊያው መሃል ድረስ ነው፣ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ አይደለም። አጭር ማኮብኮቢያ ላይ ይህን ከረሳህ ከፍ ብለህ ትደርስና አስፋልቱ ያልቅብሃል።

አንድ ሌላ ነገር። እየወረድክ ሳለ የቅርቡ ጫፍ መብራቶች ድንገት ብልጭ ድርግም ካሉ ወይም ከጠፉ፣ አምፖሉ ተቃጠለ ብለህ አታስብ። በአንተና በመብራቱ መካከል ጉብታ ወይም ዛፍ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ሳትውል ሳታድር ወደ ላይ ውጣ።

ጥያቄ፦ ፓፒ ካለ ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ፓፒ ካለ ተመስገን በል። ከማኮብኮቢያው ጎን ያለ፣ የመውረጃ መስመርህን የሚያሳይ አራት መብራት ነው፤ ሁለት ነጭ ሁለት ቀይ ካየህ መስመርህ ላይ ነህ፣ ሦስት ቀይ ትንሽ ዝቅ ብለሃል፣ አራቱም ቀይ ከሆነ በጣም ዝቅ ብለሃል። ግን የዛሬው ጉዳያችን መብራት የጎደለበት ቦታ ነው፣ እዚያ ደግሞ ፓፒው ላይኖር ወይም ላይሠራ ይችላል። ቁጥሩን ልመዱት።

ጥያቄ፦ ሰው በሌለበት ማረፊያ መብራቱን ከአውሮፕላን ሆኖ በሬዲዮ ማብራት ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። በትክክለኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ሆነህ የማይክሮፎኑን ቁልፍ ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለህ። አሜሪካ ውስጥ በተለመደው አሠራር በ5 ሰከንድ ውስጥ 7 ጊዜ ስትጫን ደማቅ፣ 5 ጊዜ መካከለኛ፣ 3 ጊዜ ደብዛዛ ይሆናል፣ ለ15 ደቂቃም ይበራል። ሌላ አገር ሊለያይ ስለሚችል ካርታውን አንብብ። መብራቱ በርቶ ብታገኘው እንኳ ልትወርድ ስትል እንደገና ተጫን። ቀድሞህ የወረደ ሰው ያበራው ሊሆን ይችላል፣ 15 ደቂቃው ደግሞ 200 ጫማ ላይ እያለህ ሊያልቅ ይችላል። ከሩቅ ለማግኘት ደማቁን አብራ፣ ስትቀርብ ቀንሰው። በጣም የደመቀ መብራት ካለበት ይልቅ የቀረበ ይመስላል።

ጥያቄ፦ የማኮብኮቢያው መብራት ደህና ሆኖ የራሴ ላንዲንግ ላይት (አውሮፕላኑ ላይ ያለው የማረፊያ መብራት) ቢቃጠልስ? ስሜ ሰላም ነው፣ ተማሪ አብራሪ ነኝ።

መልስ፦ ሰላም ነሽ እህቴ፣ በርቺ። ይሄን ከአስተማሪሽ ጋር ሆነሽ ሆን ብለሽ አጥፍተሽ መለማመድ አለብሽ። መብራቱ ሲሠራ አፍንጫውን ቀና ማድረግ የምትጀምሪው የጎማ ጥቁር ጭረቶች አስፋልቱ ላይ በግልጽ ሲታዩሽ ነው። መብራት ከሌለ ያ ምልክት የለም። ስለዚህ ሩቅ እይ፣ ወደ ማኮብኮቢያው መጨረሻ። የመጨረሻዎቹ መብራቶች ከአውሮፕላኑ አፍንጫ በላይ ከፍ ማለት የጀመሩ ሲመስልሽ ያኔ ቀና አድርጊ። ትሮትሉን ጥርግ አድርገሽ አትዝጊው። ትንሽ ጉልበት ትተሽ አውሮፕላኑ በቀስታ እየሰመጠ መሬቱን ራሱ ይፈልገው። ጎማው ሲነካ ትዘጊያለሽ። የመጀመሪያው ጊዜ መሬቱ የሚመጣ አይመስልሽም፣ እጅሽ ላይ ላብ ይወጣል፣ ግን ይመጣል።

ጥያቄ፦ በመኪና መብራት ማረፍ የፊልም ነገር ነው ወይስ የምር?

መልስ፦ የምር ነው፣ ያውም ደስ የሚል ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1934 ከለንደን ወደ ሜልበርን በተደረገው የአየር ውድድር ላይ ኡቨር የተባለች የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም ዲሲ-2 አውሮፕላን በማዕበል ውስጥ መንገድ ስታ አውስትራሊያ ውስጥ አልበሪ የምትባል ከተማ ላይ ትዞር ጀመር። የከተማው ሰዎች የከተማዋን መብራት ሁሉ እያበሩና እያጠፉ የከተማዋን ስም በሞርስ ኮድ (ፊደልን በአጭርና በረጅም ብልጭታ በሚገልጽ ምልክት) ጻፉላት። የሬዲዮ አስተዋዋቂው ደግሞ መኪና ያለው ሁሉ ወደ ፈረስ መወዳደሪያው ሜዳ እንዲመጣ ለመነ። በመኪናዎቹ መብራት በሰላም ወረደች። ጭቃው ይዟት ስለነበር ሲነጋ ሕዝቡ በገመድ ጎትቶ አወጣት፣ ውድድሩንም ሁለተኛ ሆና ጨረሰች። በቅርቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 አላስካ ውስጥ ኢጊዩጊግ የምትባል ትንሽ መንደር የማረፊያው መብራት አልሠራ ሲል፣ ነዋሪዎች 20 ያህል መኪናና ባለ አራት ጎማ ሞተር ደርድረው ታማሚ ልጅ ሊወስድ የመጣውን አውሮፕላን አሳርፈዋል። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለኛል።

አደራደሩን ግን እወቁት፣ አንድ ቀን መሬት ላይ ያላችሁት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁና። መኪናዎቹ ከማኮብኮቢያው ውጭ በጎንና በጎን ይቁሙ። ሁለቱ የግድ መጀመሪያው ጫፍ ላይ በግራና በቀኝ ይሁኑ፣ መብራታቸው አውሮፕላኑ ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ ገባ ብሎ አስፋልቱ ላይ የሚያርፍ። ወደ አብራሪው ፊት ማብራት ክልክል ነው፣ ታሳውሩታላችሁ።

ጥያቄ፦ ዓይንን ለጨለማ ማዘጋጀትስ?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ ለመልመድ 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፣ ለማጥፋት ግን የስልክ ስክሪን አንዴ ማየት ይበቃል። የኮክፒቱን መብራት ዝቅ አድርገው። ደብዛዛ ነገር ስትፈልግ ፊት ለፊት አትፍጠጥበት፣ ትንሽ ጎኑን ስታይ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ እርስዎ ነዳጅ ነበረኝ ብለዋል። ነዳጅ ባይኖርስ? ከዚያ ማኮብኮቢያ ሌላ ምርጫ ባይኖር?

መልስ፦ ያኔ ወደ መሬት መውረድህ ስለማይቀር በሥርዓት ውረድ። መጀመሪያ በሬዲዮ ተናገር፣ ማን ላይ መጮህ እንዳለብህ ካላወቅክ በአደጋ ጊዜ ፍሪኩዌንሲው በ121.5 ላይ። መሬት ላይ ሰው ካለ መኪና እንዲያቆም ጠይቅ። የማኮብኮቢያውን አቅጣጫ በዲግሪ ያዝና ኮምፓስህን እሱ ላይ አስተካክል፣ አንድ ረድፍ መብራት ብቻ ቢኖር እንኳ ጂፒኤሱ ላይ ያለው መስመር አስፋልቱ በየት በኩል እንደሆነ ይነግርሃል። ነዳጁ አንድ ዙር የሚፈቅድ ከሆነ በዚያው አቅጣጫ ዝቅ ብለህ እለፍበት፣ ላንዲንግ ላይትህን አብርተህ ከብት ወይም ሰው ካለ እይ። ከዚያ ቅድም ባልኩህ ቁጥር ውረድ። ግን ወንድሜ፣ እዚህ ደረጃ ላይ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ቀን ላይ የተወሰነ ውሳኔ ነው። በብዙ አገር ደንቡ ለማታ በረራ ትርፍ 45 ደቂቃ ነዳጅ ይላል። እኔ ማታ የ1 ሰዓት ከግማሽ ትርፍ ነዳጅ ሳልይዝ አልነሳም፣ ተማሪዎቼም ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ከመነሳቴ በፊት ማድረግ ያለብኝ አንድ ነገር ቢነግሩኝ?

መልስ፦ ስልክ ደውል። የምትሄድበት ማረፊያ ያለውን ሰው፣ ጥበቃም ቢሆን፣ መብራቱን አብርቶ በዓይኑ እንዲቆጥርልህ ለምነው። «ይሠራል ወይ?» አትበለው፣ «ይሠራል» ይልሃል። «በግራ ስንት በራ፣ በቀኝ ስንት በራ?» ብለህ ጠይቀው። እኔ ያን ምሽት ይህን አልጠየቅኩም ነበር።