ቴፑን ተወው፣ ሽቦዎቹን እንይ

ከጎንደር፣ ከማራኪ ሰፈር የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። መኪናዬ ኮሮላ ናት፤ ቴፑ ከፋብሪካ የመጣው ነው። ያገለገለ አምፕሊፋየርና ባለ 12 ኢንች ባስ ገዝቼ ራሴ አሰርኩ። የአርሲኤ ገመድ ቆርጬ ከኋላ ስፒከር ሽቦዎች ጋር አገናኘሁት። ይሠራል፤ ግን ነዳጅ ስሰጣት እንደ ትንኝ ጢዝ ይላል፣ ነዳጅ በጨመርኩ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል። ሰሞኑን ደግሞ ጠዋት ጠዋት የማስነሳት በግፊ ሆኗል። ጓደኞቼ ቴፑን ቀይረው ይሉኛል። ጥር ላይ ወንድሜ ሊያገባ ስለሆነ ቸኩያለሁ።»

ወንድም ዓለም፣ ቴፑ ምንም አልበደለም። ገንዘብህን ለሠርጉ አቆየው። ያለብህ ችግር ሦስት ነው፤ ሦስቱም ሽቦ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያን የተቆረጠ አርሲኤ፣ ማለትም ድምፁን ወደ አምፑ የሚያደርሰውን ገመድ፣ ዛሬውኑ ንቀለው። ቴስተር ካለህ አንድ ነገር ላሳይህ። ቴፑን አብራው። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ቦዲ ላይ፣ ቀዩን የስፒከሩ ፖዘቲቭ ሽቦ ላይ አድርግ። 6 ቮልት አካባቢ ያነብልሃል። አሁን ቀዩን ወደ ኔጌቲቭ ሽቦው አዛውረው። እሱም 6 ነው! የፋብሪካ ቴፕ ስፒከሩን ከሁለቱም ጫፍ ነው የሚነዳው። ኔጌቲቭ ብለን የምንጠራው ሽቦ ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ቦዲ ጋር የታሰረ ኔጌቲቭ፣ አይደለም። የአርሲኤው የውጭ መረብ ግን በአምፑ በኩል ከማሳ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ያን 6 ቮልት ወደ ቦዲ እያፈሰስከው ነው። እስካሁን ቴፑ አለመቃጠሉ ዕድልህ ነው። እኔ ጀማሪ ሳለሁ የሰው ቴፕ በዚሁ መንገድ አጭሻለሁ። ከዳሽቦርዱ ስንጥቅ ቀጭን ጭስ ሲወጣ ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ሻይ እየጠጣ ነበር። የከፈልኩት እኔ ነኝ።

መፍትሔው ቀላል ነው። አምፑን አገላብጠህ እይ፤ «ሃይ ሌቭል» የሚል ትንሽ ሶኬት ካለው የስፒከሩን ሽቦዎች እዚያ አስገባ፣ አለቀ። ከሌለው የስፒከር ድምፅ ወደ አርሲኤ የሚቀይር ኮንቨርተር ግዛ። የክብሪት ቀፎ የምታህል ዕቃ ናት። ቴፕ ከመቀየር ጋር ዋጋዋ አይወዳደርም።

ሽቦዎቹን ከቴፑ ጀርባ ብትወስድ ይሻላል። በብዙ ቶዮታዎች ከቴፑ ጀርባ አንድ ባለ 10 እና አንድ ባለ 6 እግር ሶኬት አለ። የኋላ ስፒከሮች ያሉት ባለ 6ቱ ላይ ነው፦ ጥቁርና ቢጫ የግራ፣ ቀይና ነጭ የቀኝ። ጥቁሩና ቀዩ ፖዘቲቭ ናቸው። «ጥቁር እንዴት ፖዘቲቭ ይሆናል?» ትለኝ ይሆናል። ቶዮታን ጠይቀው። ደግሞ ያገለገለ መኪና ላይ ማን ምን እንደቀጠለበት አይታወቅም፣ ስለዚህ ቀለም ብቻ አትመን። ሶኬቱን ከቴፑ ንቀልና ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ሁለቱ ሽቦዎች ላይ ንክት አድርግ። ስፒከሩ «ጧ» ይላል። ሰው ከኋላ አስቁመህ የስፒከሩን ወረቀት ይይልህ። ወደ ውጭ ከገፋ፣ የድንጋዩን ፖዘቲቭ የነካው ሽቦ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። ቅጥያውን በሊድ በይደው፣ በናስትሮ ጠቅልለው። ጠምዝዞ መተው የለም።

አሁን ወደ ትንኟ እንምጣ። ድምፁ ከነዳጅ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ምንጩ ዲናሞው ነው። የሚገባበት በር ግን ብዙ ጊዜ መጥፎ ማሳ ነው። የአምፑን ማሳ የት አሰርከው? ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ወይም ወንበር ስር ባለ ብሎን ላይ ከሆነ፣ አግኝተነዋል። አምፑ አጠገብ የቦዲውን ብረት በብርጭቆ ወረቀት ነጭ እስኪሆን ፈግፍገው። ወፍራም አጭር ሽቦ፣ ቢበዛ 50 ሳንቲሜትር፣ በብሎን ጥብቅ አድርገህ እሰር። ዝገት እንዳይገባ ከላይ ቅባት ቀባው። የደህንነት ቀበቶ ብሎን ግን እንዳትነካ። ቀጥሎ የኃይል ገመዱን በአንድ ጎን፣ የአርሲኤውን በሌላ ጎን ዘርጋ። ጎን ለጎን ከተኙ ጩኸት ይዋሳሉ። ድምፁ አሁንም ካለ ሞተሩ እየሠራ አርሲኤውን ከአምፑ ንቀል። ጢዝታው ከጠፋ የሚመጣው ከቴፑ ወገን ነው፤ ካልጠፋ ማሳውን እንደገና ፈትሽ።

ጠዋት የማይነሳው ነገር ደግሞ የሪሞት ሽቦዋ፣ አምፑን «ተነሳ» የምትለው ቀጭን ሽቦ፣ ሥራ ይመስለኛል። ሪሞቷን ሁልጊዜ ኃይል ካለው ሽቦ ጋር ነው ያሰርካት አይደል? አምፑ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ ያድራል። ቁጭ ብሎ አንድ አምፔር ቢበላ እንኳ በ12 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ነው። ለ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ ያውም ላረጀ፣ በዚህ ብርድ ይህ ቀላል አይደለም። ሪሞቷን ከባለ 10ሩ ሶኬት ግራጫ ሽቦ ላይ ውሰዳት። በቴስተር አረጋግጥ፦ ቁልፉ ሲዞር 12 ቮልት፣ ሲወጣ ዜሮ። ከዳሽቦርዱ ስር ቢጫ ጥቅል ሽቦ ካየህ የኤርባግ ነው፣ እለፈው።

ያልጠየቅከኝን ልጨምር፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው በሱ ነው። ከባትሪው የሚነሳው ገመድ ፊውዝ አለው? ፊውዙ ባትሪው አጠገብ፣ ክንድ ባልሞላ ርቀት መሆን አለበት። አምፑ ላይ ያለው ፊውዝ አምፑን እንጂ ገመዱን አያድንም። ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ የሚያልፍበት የብረት ቀዳዳ ጎማ ከሌለው፣ በዚህ ኮብልስቶን ላይ መንቀጥቀጡ ብቻ ላስቲኩን ይበላዋል። ከዚያ በኋላ እሳት ነው።

አምፑ ላይ «1000 ዋት» የሚል ጽሑፍ ካለ አትደንግጥ፣ አትኩራም። ፊውዙን እይ። 30 አምፔር ከሆነ 30 በ13.8 ቮልት (ሞተር ሲሠራ ያለው) ሲባዛ 414 ዋት ይገባዋል። የተለመደው አምፕ ከዚያ 60 ከመቶ ያህሉን ድምፅ ያደርገዋል፣ ወደ 250 ዋት። ለዚህ የ10 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ገመድ ይበቃሃል። ስትገዛ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርገው፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው።

ሥራ ስትጀምር የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ስትጨርስ መልሰህ እሰረውና አምፑ ላይ ያለውን የድምፅ መጠን ማስተካከያ፣ ጌይኑን፣ ዜሮ ላይ አድርገህ ቴፑን ከድምፁ ሦስት አራተኛ ላይ ክፈተው። ከዚያ ጌይኑን ቀስ እያልክ አዙር። ባሱ መሰንጠቅ ሲጀምር ትንሽ መልሰው። ባስ ቡስት የሚባለውን እርሳው። ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈውን የአምፑን ማጣሪያ 80 ኸርዝ ላይ አድርግ። ሙሽራውን ይዘህ ወደ መተማ መስመር የምትወርድ ከሆነ አምፑ ላይ ብርድ ልብስና ሻንጣ አትከምር፤ ቆላው ራሱ ያሞቀዋል፣ ሲግል ደግሞ ራሱን ያጠፋል።

ይህን ሁሉ ጨርሰህ ከኋላ «ዝርርር» የሚል ነገር ብትሰማ አምፑን እንዳትፈታ። ታርጋው ነው። ከጀርባው ቁራጭ ስፖንጅ ወሽቅበት።