ስሙን ያልጻፍኩለት በረኛ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ኮዬ ፈጬ ካለው ቤቴ ነው። በመስኮት በኩል ሜዳችን ይታየኛል። ግቡ ከባህር ዛፍ የተሠራ ነው፤ መረብ የለውም። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው። ቢሆንም እሑድ ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ እሱ ነው። ወጣት ሳለሁ በረኛ ነበርኩ። በኋላ የስፖርት መምህር ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣም በረኞችን ሳሰለጥን ኖርኩ። አሁን ደግሞ እናንተ አላችሁኝ። አንዳንዶቻችሁ «ኮች» ትሉኛላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ «ጋሼ»። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን አብረን ዲኤስቲቪ ቤት ገብተን ነበር። አንድ ጥቁር ተጫዋች ግብ አፋፍ ላይ ያገኘውን ኳስ ሳተ። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ ጮክ ብሎ በቆዳው ሰደበው። ቃሉን አልጽፈውም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ተሳዳቢው የማሰለጥነው ልጅ ነው። ታዛዥ፣ ሰው አክባሪ፣ ከልምምድ መልስ ለእናቱ ውኃ የሚቀዳ ልጅ። የተናገረው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ቃሉ አፉ ላይ ስለነበረ ነው።

እኔም ዝም አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ ዝም ስል የመጀመሪያዬ አልነበረማ። የመጀመሪያውን ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ። መናገሩ ስለሚከብደኝ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ።

አስቀድሜ ስለ አንድ ብራዚላዊ በረኛ ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስሙ ሞአሲር ባርቦሳ ነው። ጥቁር ነበር። በዘመኑ ከዓለም ምርጥ በረኞች አንዱ ነበር። በ1948 ክለቡ ቫስኮ ዳ ጋማ የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮኖችን ውድድር ሲያሸንፍ በሩን የጠበቀው እሱ ነው። በ1949 ከብራዚል ጋር የደቡብ አሜሪካን ዋንጫ አነሳ። ጓንት አያደርግም ነበር፤ ኳሷን በባዶ እጁ መዳሰስ ይወድ ነበር። «ጓንት የለንም» ብላችሁ ስታማርሩ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ጁላይ 16 ቀን 1950፣ ማራካኛ ስታዲየም። ወደ 200,000 የሚጠጋ ሰው ተቀምጧል። ብራዚል የዓለም ዋንጫን ለመውሰድ አቻ መውጣት ይበቃታል። 1 ለ 1 እያሉ፣ በ79ኛው ደቂቃ የኡራጓዩ ጊጂያ በቀኝ መስመር ኳስ እየገፋ መጣ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት በዚያው መስመር መጥቶ ወደ መሃል አሻግሮ ለጓደኛው ጎል አመቻችቷል። ባርቦሳ አሁንም ያሻግራል ብሎ ከቅርቡ ቋሚ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ጊጂያ በተከፈተችው ቀዳዳ መታው። 2 ለ 1።

እዚህ ላይ እንደ በረኛ አሰልጣኝ ልናገር። «የቅርቡን ቋሚ አትልቀቁ» ብዬ እንደምጮህባችሁ ታውቃላችሁ። ግን ባርቦሳ ላይ መፍረድ ያቅተኛል። ያየውን አንብቦ ነው የወሰነው። የማያነብ በረኛ በረኛ አይደለም፤ የሚያነብ በረኛ ደግሞ አንዳንድ ቀን ይሳሳታል። ከፊቱ 10 ተጫዋቾች ነበሩ። ጊጂያ እስከዚያ ድረስ የመጣው ሁሉንም አልፎ ነው።

ጥፋቱ የተለጠፈው ግን በሦስት ሰዎች ላይ ነው። ባርቦሳ፣ ቢጎዴ፣ ጁቬናል። ሦስቱም ጥቁሮች ናቸው። ከዚያ በኋላ በብራዚል «ጥቁር በረኛ አይታመንም» የሚል ወሬ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተናፈሰ። እስቲ አስቡት። ያች ኳስ ነጭ በረኛ ላይ ብትገባ የአንድ ሰው ስህተት ተብላ ታልፍ ነበር። ባርቦሳ ላይ ስትገባ የዘሩ ሁሉ ጉድለት ሆነች።

በ1993 ባርቦሳ የብሔራዊ ቡድኑን ልምምድ ሊያይ ሄደ። ዕድሜው ከ70 አልፏል። ገደ ቢስ ነው ተብሎ ከበር ተመለሰ። በአገሩ ሕግ ትልቁ ቅጣት 30 ዓመት እንደሆነ፣ እሱ ግን 50 ዓመት እንደተቀጣ ይናገር ነበር። በ2000 አረፈ። ዲዳ የሚባል ጥቁር በረኛ በ2006 በዓለም ዋንጫ የብራዚል ቋሚ በረኛ ሆኖ ሲሰለፍ እንኳ የባርቦሳ ነገር እንደገና ተነሳ።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። እውነት ነው። ግን ስሙን ከመቃብር በላይ የሚያውለው ማነው? ባለቤቱ አይደለም። እሱማ ሞቷል። እኛ ነን፤ ያየነው፣ ያወራነው፣ የጻፍነው። አሜሪካኖች በቤዝቦል ጥቁሮችን ከትልቁ ሊግ አግደው በራሳቸው ሊግ ብቻ ያጫውቷቸው ነበር። ጆሽ ጊብሰን የሚባል አስደናቂ ተጫዋች ትልቁን ሊግ ሳያይ በ1947 ጥር ወር ሞተ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጃኪ ሮቢንሰን በሩን ከፍቶ ገባ። የጊብሰን ቁጥሮች በትልቁ ሊግ መዝገብ የተካተቱት በ2024 ነው፤ ያኔ በአማካይ የመምታት ውጤት የታይ ኮብን ክብረ ወሰን አልፎ አንደኛ ሆነ። 77 ዓመት ዘግይቶ።

«ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው» እንዳትሉኝ። ቴዎዶር ገብረሥላሴን ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? አባቱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ቼክ ነው። ለቼክ ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ነው። በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ከሩሲያ ጋር ሲጫወቱ ከደጋፊዎች የዘረኝነት ጩኸት እንደተሰማበት ተነግሮ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር (ዩኤፋ) ጉዳዩን መርምሯል። ቡድኑ በዚያ ውድድር ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። እሱም ወደ ጀርመን ሄዶ ለቬርደር ብሬመን 9 የውድድር ዓመት ተጫወተ። ቡንደስሊጋ ላይ 9 ዓመት መቆየት ምን ማለት እንደሆነ ኳስ የሚያውቅ ያውቃል። ስለ እሱ ስታወሩ ከጩኸቱ አትጀምሩ። ከ9ኙ ዓመት ጀምሩ። ሰውን «ያ የተሰደበው» ብሎ ብቻ ማስታወስም ሌላ በደል ነው።

የእንግሊዙን ሳካን ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ግማሻችሁ የአርሰናል ማሊያ ለባሽ ናችሁ። በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሪጎሬ (እናንተ ፔናሊቲ ነው የምትሉት) ሲስት 19 ዓመቱ ነበር። ራሽፎርድና ሳንቾም ሳቱ። ወዲያው ሦስቱም ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ የዘረኝነት ስድብ ዘነበ። በ2024 ሳካ ከስዊዘርላንድ ጋር በመለያ ምት እንደገና ቆመ። አገባ። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ተነስቼ አጨበጨብኩ። ባርቦሳ በዓለም ዋንጫ እንዲህ ያለ ሁለተኛ ዕድል አላገኘም።

የእኛ ሰዎችም በዚህ ጉዳይ ዋጋ ከፍለዋል። በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ካርቱም ላይ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች። ከውድድሩም ወጣች። ይድነቃቸው ተሰማ ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራቾች አንዱ ናቸው። ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉ ድረስ ሲመሩትም የአፓርታይድን (የደቡብ አፍሪካን የዘር መድልዎ አገዛዝ) ቡድን በር ላይ ቆመው አላስገባም ብለዋል።

ምሩጽ ይፍጠርን አስቡ። በ1976 ኢትዮጵያ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ቀረች። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ሄዶ ከአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ጋር መጫወቱን በመቃወም ነው። የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቆችን የፊንላንዱ ላሴ ቪረን ወሰደ። ማርሽ ቀያሪው 4 ዓመት ጠብቆ በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም አመጣ። እኔ ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ በሬዲዮ ነው የሰማሁት፤ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። ሞንትሪያል ላይ ቢሮጥ ምን ይሆን ነበር? የሚመልስልን የለም። በታሪኩ ላይ ያለችው ያች ባዶ ቦታ በሌላ አገር ዘረኝነት የተፈጠረች ናት። ምሩጽ በእግሩ ከፈለልን።

እንግዲህ እኛ የእነዚህ ሰዎች ልጆች ነን። ያን ቃል ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ስሰማ ደሜ የቀዘቀዘው ለዚህ ነው። ዘረኝነት የነጭ ብቻ ይመስለናል። ጠቆር ያለውን የገዛ ወንድማችንን የምንጠራበት ቃል ግን በየሠፈሩ አለን።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ከ30 ዓመት በላይ ሆነው። ከከተማው ዳር አንድ ቡድን አሰለጥን ነበር። አንድ በረኛ መጣልኝ። ከምዕራብ ጠረፍ የመጣ፣ ዘመድ ቤት የሚኖር ልጅ ነው። ረጅም፣ በጣም ጥቁር፣ ዝምተኛ። እንደ እሱ ያለ እጅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ልጆቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው በዚያ ቃል ጠሩት። እንደ ቅጽል ስም። ሲጠሩት ይመጣል። ሲመጣ ሳይ አይከፋውም ብዬ ደመደምኩ። ልጆቼ፣ ሰው በስድብ ሲጠሩት የሚመጣው ስላልከፋው አይደለም። የሚጫወትበት ሌላ ሜዳ ስለሌለው ነው።

ፍጻሜ ደረስን። 0 ለ 0 እያለን ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ከእጁ አመለጠች። ተሸነፍን። ፊሽካው ሲነፋ ያ ቃል ቅጽል ስም መሆኑ ቀረ። ከደጋፊውም፣ ከገዛ ጓደኞቹም፣ ከየአቅጣጫው ወረደበት። እኔ ኳሶቹን እየቆጠርኩ ከረጢት ውስጥ እከት ነበር። ቀና አላልኩም። ልጁ ማሊያውን አጣጥፎ አጠገቤ አስቀመጠና ሄደ። በቀጣዩ ልምምድ አልመጣም። ቤቱን አውቀው ነበር። አልሄድኩም።

ስለዚህ እንደሚያውቅ ሰው ሳይሆን እንዳጠፋ ሰው ስሙኝ።

ሜዳ ላይ ብትሰደቡ በቡጢ አትመልሱ። ቀይ ካርድ የምታዩት እናንተ ናችሁ፤ ሰዳቢው በሰላም ቤቱ ይገባል። ወደ ዳኛው ሂዱ። ፊፋ በ2024 ባንኮክ ላይ ባደረገው ጉባኤ ለዚህ የሚሆን ምልክት ይፋ አድርጓል፤ ሁለት እጅን አንጓ ላይ አመሳቅሎ ማሳየት። ዳኛው ያንን ሲያይ ጨዋታውን ያቆማል። ስድቡ ከቀጠለ ቡድኖቹን ከሜዳ ያስወጣል። ከዚያም ካልቆመ ጨዋታው ጭራሽ ይቋረጣል። ከፊታችን እሑድ ጀምሮ በእኛም ሜዳ ሕጉ ይኸው ነው። ዳኛው እኔ ነኝ። አቆመዋለሁ።

ጥቁሩ ብራዚላዊ አጥቂ ቪኒሲየስ በ2023 ቫሌንሲያ ሜዳ ላይ ሲሰደብ ጣቱን ወደ ሰዳቢዎቹ ቀስሮ እዚያው ቆመ። ነገረኛ ነው ያለው ሰው ብዙ ነው። በዓመቱ ሦስት ሰዎች በፍርድ ቤት 8 ወር እስራት ተፈረደባቸው። በስፔን ስታዲየም ውስጥ ለተሰነዘረ የዘረኝነት ስድብ የመጀመሪያው ፍርድ ነው። ጣቱን ባይቀስር ያ ፍርድ አይኖርም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጓደኛችሁ ሲሰደብ «ተወው፣ አትስማቸው» አትበሉት። መስማትማ ይሰማል። ሄዳችሁ አጠገቡ ቁሙ። ቲክቶክና ቴሌግራም ላይም እንዲሁ ነው፤ እዚያ የምትጽፉትን ቃል ተጫዋቹ ባያነበው ጎረቤታችሁ ያለ ጠቆር ያለ ልጅ ያነበዋል።

አንተም፣ ያ ቃል የሚወረወርብህ ልጅ። ከመሃላችሁ እንዳለህ አውቃለሁ። ወደ እኔ ና። ሌሊትም ቢሆን ና። ቤቴን ታውቀዋለህ።

ባለፈው ሳምንት የድሮ ደብተሬን ከሣጥን አወጣሁ። የዚያ ዓመት ተጫዋቾች ዝርዝር አለ። ሁሉም ከነአባታቸው ስም ተጽፈዋል። 1 ቁጥር ፊት ለፊት ያለው ግን ያ ቃል ነው። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ያኔ ከነበሩት ልጆች ለሦስቱ ደወልኩ። አሁን የልጆች አባት ናቸው። ስሙን ያስታወሰ የለም። ከእጁ ያመለጠችውን ኳስ ግን ሦስቱም አስታወሱ።

ደብተሩ ሌላም ነገር ይዟል። በዚያ ውድድር 6 ጨዋታ ተሰልፏል። በ4ቱ ምንም አልገባበትም። በጠቅላላው የገባበት 2 ጎል ነው። ግማሽ ፍጻሜውን በመለያ ምት ስናልፍ 2 ሪጎሬ አድኗል፤ አንዱን በግራ እጁ።

ያንን ቃል በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። ከጎኑ ያለውን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ። እሱን የሚያውቅ ካለ፣ ወይም ራሱ ይህን እያነበበ ከሆነ፣ እሑድ ጠዋት ከ1 ሰዓት ጀምሮ ደብተሩን ይዤ ሜዳው ላይ ነኝ።