ከአረም መድኃኒት ርጭት በኋላ ቢጫ የሆነ ቅጠል፦ የቡድን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስንዴዬን ፓላስ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ከረጨሁት ሳምንቴ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖብኛል። ዩሪያ ልጨምር?

መልስ፦ አትቸኩል። ፓላስ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያውን) የሚሠራውን ኢንዛይም ነው የሚያግደው። ስንዴው መድኃኒቱን ሰባብሮ ያስወግደዋል፤ አረሙ ሲናር ግን አይችልም። እስኪያስወግደው ድረስ ትንሽ ቢገረጣ አይደንቅም። ዩሪያው መሬት ውስጥ ናይትሬት ይሆናል፤ ሥር ናይትሬትን የሚስበው በጉልበት ነው፤ ጉልበቱ ደግሞ ቅጠሉ ከሠራው ስኳር ይመጣል። ቅጠሉ ሲደክም ማዳበሪያው መሬት ውስጥ እያለ ቡቃያው ሊራብ ይችላል። አዲስ የሚወጣውን ቅጠል እይ።

ጥያቄ፦ የእኔም ቢጫ ሆኗል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ምን ዘራህ? ምን ረጨህ? መቼ? ቢጫው ከየትኛው ቅጠል ጀመረ? ይህን ሳትነግረኝ ምንም ልልህ አልችልም።

ጥያቄ፦ አምና በቆሎ የነበረበት ማሳ ላይ ቦሎቄ ዘርቼ የታችኛው ቅጠል ዳር ዳሩን እየነደደ ነው። በቆሎው ላይ አትራዚን የሚባል የአረም መድኃኒት ተረጭቶ ነበር።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ! እንዲህ ያለ ቅጠል በእጄ ይዤ አይቻለሁ። ዳሩ እንደ ደረቀ ወረቀት ይፈረፈራል፤ ደም ሥሩ አካባቢ ግን ገና አረንጓዴ ነው። አትራዚን ከሥር ከውሃ ጋር ይወጣና ቅጠሉ ዳር ይጠራቀማል። እዚያ በብርሃን የሚነሳውን የኤሌክትሮን መንገድ ይዘጋል። ፀሐዩ መምጣቱን አያቆምም፤ መውጫ ያጣው ጉልበት ቅጠሉን ራሱን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ቦሎቄው የሚሞተው ከረሃብ በፊት በቃጠሎ ነው። የናይትሮጅን እጥረት ቢሆን ኖሮ የታችኛው ቅጠል እኩል ይገረጣ ነበር እንጂ ዳሩ አይነድም። በቆሎ መድኃኒቱን ማርከስ ይችላል፣ ቦሎቄ አይችልም። የመድኃኒቱን ዕቃ መለያ ጽሑፍ አንብቡ፤ ቀጥሎ ምን መዝራት እንደሚቻል ተጽፎበታል።

ሌላ አባል፦ ራውንድአፕ የሚባለው የአረም መድኃኒትስ? ዚንኩንና ማንጋኒዙን አስሮ መሬቱን ያደኸያል ይባላል።

ሌላ አባል፦ ኧረ ተው! አማቼ ስንት ዓመት ሲረጩ ምንም አልሆነም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ግላይፎሴት፣ ማለትም ራውንድአፕ ውስጥ ያለው መድኃኒት፣ ብረታ ብረት እንደሚያስር እውነት ነው፤ መርጫው ውስጥ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ካለ መድኃኒቱ ይዳከማል። ድፍርስ ውሃም እንዲሁ፣ ጭቃው ይይዘዋል። አረሙን የሚገድለው ግን ይህ አይደለም፤ አሚኖ አሲድ የሚሠራበትን መንገድ ስለሚዘጋበት ነው። ንጹህ ውሃ ተጠቀሙ፤ መለያውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ ቱፎርዲ (2,4-D የሚባለው የአረም መድኃኒት) ዋጋው ስንት ገባ?

መልስ፦ ዋጋ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ፓላስ ገብስ ላይስ?

መልስ፦ በፍጹም! ገብሱንም ይጎዳዋል። መለያውን አንብቡ።

ጥያቄ፦ እኔ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። እና ዩሪያውን ልጨምር ወይስ አልጨምር?

መልስ፦ አዲሱን ቅጠል እይ ብዬህ ነበር። አየኸው?

ጥያቄ፦ አዎ፣ አሁን ከማሳው ነው የመጣሁት። መሐል ላይ የወጣው አረንጓዴ ነው።

መልስ፦ እንግዲያው እያገገመ ነው። ለቢጫው ብለህ አትጨምር፤ የተለመደው የዩሪያ ጊዜህ ሲደርስ በመጠኑ ስጠው።