መልስ፦ ኤታኖል የናፍጣ ወፍጮን ጭስ ይቀንሳል ወይ?

ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ባለው የናፍጣ ወፍጮህ ላይ ኤታኖል (በአረቄ ውስጥ ያለው አልኮል) ወይም አረቄውን ራሱን ብትቀላቅል ጥቁሩ ጭስ ይቀንስ እንደሆነ ጠይቀሃል። ኤታኖሉ ጭሱን ይቀንሰዋል። ከክብደቱ 35 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ስለሆነ ነዳጁ በሚገባ ይቃጠላል፤ ጥቀርሻውም ያንሳል። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ የናፍጣ ሞተር እዚህ ጭስ የሚያበዛው አንድም በዚህ ነው።

ነገር ግን ጥቁሩ ጠፋ ማለት ጭሱ ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። ኤታኖል በግፊት ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ሲተን ደግሞ ሲሊንደሩን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ሞተሩ እህል ሳይገባበት ባዶውን ሲዞር ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለ ነዳጅ ይጨምራል፤ ዓይን የሚቆጠቁጠው አሴታልዴሃይድም እንዲሁ። ሌላው ጎጂ ጋዝ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ግን እንደ ሞተሩና እንደ ጭነቱ ይለያያል።

አረቄማ በፍጹም አይሆንም! ዳግም የወጣው እንኳ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ ከናፍጣው ተለይቶ ከታች ይዘቅጥና ፖምፓውን ያበላሸዋል። ንጹሑ ኤታኖልም ቢሆን 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ ናፍጣ ግን ለዚህ ከ50 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እናቶች እህላቸውን ይዘው ወረፋ በሚጠብቁበት ቤት ውስጥ ይህን አደጋ እንድታስገባ አልፈልግም። ቡታኖል የሚባለው ሌላ አልኮል ከኤታኖል ይልቅ ከናፍጣ ጋር የተሻለ ይስማማል።

አሁን ግን የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፣ ነዳጅ የሚረጨውን ኖዝል ለባለሙያ አሳይ፤ የጭስ ማውጫውንም ከጣሪያው በላይ አሳልፈው።